በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶችና የነርቭ ሥርዓት

በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶች የተበከለች ሴት ትንኝ (ቢምቢ) ሰውን ስትነክስ ከምራቋ ጋር ወደ ሰውነት የሚገቡ ቫይረሶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ቢጫ ወባ፣ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያ፣ ዚካ፣ ዌስት ናይል፣ ሪፍት ቫሊ ትኩሳትና የጃፓን የአንጎል ብግነት ይገኙበታል። ከሚያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ወይም ለጥቂት ቀናት አተኩሷቸው፣ ራሳቸውን አሟቸውና መገጣጠሚያቸውን ቆርጥሟቸው ይድናሉ። በጥቂቶች ላይ ግን ቫይረሱ ወይም ሰውነት ለቫይረሱ የሚሰጠው ምላሽ አንጎልን፣ የአንጎልን ሽፋን፣ ሕብለ ሰረሰርን ወይም ነርቮችን ይጎዳል። ይህ ሲሆን ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የእጅና እግር መዛል፣ ከዚያም ዘላቂ የአካል ጉዳት ወይም ሞት ሊከተል ይችላል።

በኢትዮጵያ ቢጫ ወባ፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ በተደጋጋሚ በወረርሽኝ መልክ ታይተዋል።

ስያሜና ከወባ ያላቸው ልዩነት

በአማርኛ «ቢጫ ወባ» የሚለው ስም በሽታው ከወባ ዓይነቶች አንዱ እንደሆነ ሊያስመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ወባ የሚመጣው ፕላዝሞዲየም ከሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ቢጫ ወባ ግን የቫይረስ በሽታ ነው። ስለዚህ የወባ መድኃኒት ለቢጫ ወባም ሆነ እዚህ ለተጠቀሱት ሌሎች ቫይረሶች አይሠራም።

የሚያስተላልፏቸው ትንኞችም ይለያያሉ። ወባን የምታስተላልፈው አኖፊለስ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ደንጊን፣ ቺኩንጉንያን፣ ዚካንና የከተማ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕታይ ደግሞ በቀን፣ በተለይም በማለዳና ከምሽት በፊት ባሉት ሰዓታት ትነክሳለች። ጥቁር ሆና በእግሮቿና በአካሏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አላት። ዌስት ናይልንና የጃፓን የአንጎል ብግነትን በዋናነት የሚያስተላልፉት ኩሌክስ የሚባሉ በሌሊት የሚነክሱ ትንኞች ናቸው።

ወደ ነርቭ ሥርዓት የሚደርሱበት መንገድ

ቫይረሱ በመጀመሪያ የሚራባው በተነከሰው ቆዳ ውስጥ ባሉ ሴሎችና በአቅራቢያው ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ነው። ከዚያ ወደ ደም ይገባል። ትኩሳቱ የሚጀምረውም በአብዛኛው ቫይረሱ በደም ውስጥ በብዛት በሚገኝበት ጊዜ ነው።

አንጎልን የሚመግቡት የደም ሥሮች ግድግዳ እርስ በርሳቸው በጥብቅ ከተያያዙ ሴሎች የተሠራ ነው። ይህ የደምና አንጎል ድንበር ይባላል። ድንበሩ ምግብና ኦክስጅን ያሳልፋል፤ ብዙ መርዞችንና ተሕዋስያንን ግን ያግዳል። ቫይረሶች ይህን ድንበር የሚያልፉባቸው መንገዶች በዋናነት የሚከተሉት ናቸው።

• የደም ሥሩን ግድግዳ ሴሎች ራሳቸውን በመበከልና በሌላኛው ወገን በመውጣት።
• በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ተደብቆ አብሮ በመግባት።
• በብግነት ምክንያት የሴሎቹ መያያዣ ሲላላ በክፍተቱ በመሹለክ።
• ከእጅና ከእግር በሚነሱ ነርቮች ውስጥ ወደ ኋላ፣ ወደ ሕብለ ሰረሰር በመጓዝ። ይህ መንገድ በዌስት ናይል ቫይረስ ላይ በቤተ ሙከራ እንስሳት ታይቷል።

ቫይረሱ ወደ ነርቭ ሴል ከገባ በኋላ የሴሉን አሠራር ለራሱ መራቢያ ስለሚያውለው ሴሉ ሊሞት ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ሁሉ ከቫይረሱ ብቻ አይመጣም። ቫይረሱን ለማጥፋት የሚመጡት የመከላከያ ሴሎችና የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች እብጠትና ብግነት ያስከትላሉ። አንጎል በማይለጠጥ የራስ ቅል ውስጥ ስለሚገኝ ትንሽ እብጠት እንኳ ግፊት ፈጥሮ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

የሚያስከትሏቸው የነርቭ ሕመሞች

ማጅራት ገትር፦ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ብግነት ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ማስመለስና ብርሃን መፍራት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። በቫይረስ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በባክቴሪያ ከሚመጣው ይቀላል።

የአንጎል ብግነት፦ የአንጎል ሥጋ ራሱ ሲታመም ነው። ግራ መጋባት፣ የጠባይ መለወጥ፣ መቃዠት፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይታያሉ። ከዳኑት መካከል አንዳንዶች የማስታወስ ችግር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የእንቅስቃሴ መዛባት ይቀርባቸዋል።

የሕብለ ሰረሰር ብግነትና ድንገተኛ መልፈስፈስ፦ ጡንቻን የሚያዙ የሕብለ ሰረሰር ሴሎች ሲጎዱ እጅ ወይም እግር በድንገት ይዝላል። መልኩ ፖሊዮ (የልጅነት ልምሻ) ከሚያመጣው ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ጊያን ባሬ፦ ቫይረሱ ከሰውነት ከወጣ ወይም ሊወጣ ከተቃረበ በኋላ የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን ነርቮች ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እግሮች ላይ በመደንዘዝና በመዛል ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ላይ ከደረሰ ታማሚው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ሊሞት ይችላል። ዌስት ናይል የሚያመጣው መልፈስፈስ ግን በአብዛኛው በአንድ ወገን ያመዝናል፤ የሚታየውም ገና ትኩሳቱ እያለ ወይም ወዲያው እንደበረደ ነው።

በፅንስ ላይ የሚደርስ ጉዳት፦ አንዳንድ ቫይረሶች በእንግዴ ልጅ በኩል አልፈው በመፈጠር ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳሉ።

ዋና ዋና ቫይረሶች

ዌስት ናይል

በመጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1937 በኡጋንዳ ዌስት ናይል አውራጃ ትኩሳት ከያዛት ሴት ደም ነው። ቫይረሱ የሚኖረው በወፎችና በኩሌክስ ትንኞች መካከል ሲዘዋወር ነው። ሰውና ፈረስ በመንገድ የሚነካቸው እንግዶች ናቸው፤ በደማቸው ውስጥ የሚኖረው ቫይረስ አነስተኛ ስለሆነ ሌላ ትንኝ ለመበከል አይበቃም። ከተያዙት 10 ሰዎች 8ቱ ምንም አይሰማቸውም። የነርቭ ሥርዓታቸው የሚጠቃው ከ150 ሰዎች 1 ያህል ሲሆኑ ከእነዚህ ውስጥ ከ10 አንዱ ይሞታል። አረጋውያን ይበልጥ ይጎዳሉ።

የጃፓን የአንጎል ብግነት

በእስያ የሕፃናት አንጎል ብግነት ዋና መንስኤ ነው። በሩዝ ማሳ ውስጥ በሚራቡ ትንኞች፣ በውሃ ወፎችና በአሳማዎች መካከል ይዘዋወራል። ምልክት የሚታየው በጥቂቶች ላይ ቢሆንም የአንጎል ብግነት ከያዛቸው እስከ 30 በመቶው ሊሞቱ ይችላሉ። እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ስለሚጎዳ የተረፉት ላይ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ሊቀር ይችላል። ክትባት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአንጎላ ቢጫ ወባ በያዘው አንድ ሰው ደም ውስጥ የዚህ ቫይረስ ዘረ መል መገኘቱ በአፍሪካም ሊኖር እንደሚችል አመልክቷል።

ዚካ

እ.ኤ.አ. በ1947 በኡጋንዳ ዚካ ጫካ ከዝንጀሮ የተገኘ ሲሆን ለብዙ ዓመታት ቀላል ትኩሳት ብቻ እንደሚያመጣ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ የጊያን ባሬ ታማሚዎች በዙ። በ2015 ደግሞ በብራዚል ጭንቅላታቸው ከልክ በታች ያነሰ ሕፃናት በብዛት መወለድ ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። ቫይረሱ የነርቭ ሴሎች የሚወለዱባቸውን እናት ሴሎች ስለሚገድል የፅንሱ አንጎል እድገት ይቋረጣል። ዚካ ከትንኝ በተጨማሪ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል።

ደንጊ

ደንጊ በዋናነት የደም ሥሮችን የሚያላላ በሽታ ነው። በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ተዘዋዋሪ ነው፦ የደም ግፊት መውረድ፣ የጉበት መጎዳት፣ የደም ጨው መዛባት ወይም በአንጎል ውስጥ መድማት ታማሚውን ግራ ያጋባዋል ወይም ራሱን ያስተዋል። አልፎ አልፎ ግን ቫይረሱ ራሱ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል።

ቺኩንጉንያ

እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በዛሬዋ ታንዛንያ ተለየ። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መገጣጠሚያ አሞት የጎበጠን ሰው ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በሬዩንዮን ደሴት በደረሰው ትልቅ ወረርሽኝ የአንጎል ብግነት በአራስ ሕፃናትና በአረጋውያን ላይ እንደሚበረታ ታየ። በወሊድ ሰዓት ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ካለ እናት ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ይያዛሉ።

ሪፍት ቫሊ ትኩሳት

በኬንያ ስምጥ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በበጎች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ሰው በትንኝ ንክሻ ሊያዝ ቢችልም በአብዛኛው የሚያዘው የታመመ ከብት ደም ወይም ሥጋ ሲነካ ነው። ከታማሚዎቹ ከ1 በመቶ በታች በሚሆኑት ላይ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ የአንጎል ብግነት ይከተላል።

ቢጫ ወባ

ዋና ጉዳቱ በጉበትና በኩላሊት ላይ ነው። በከባድ ደረጃ የሚታየው መቃዠትና ራስን መሳት በአብዛኛው የሚመጣው ጉበትና ኩላሊት ሥራ ሲያቆሙ ነው። የሆነው ሆኖ ቫይረሱ አንጎልን የመውረር ችሎታ እንዳለው ማክስ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1930 በአይጦች ላይ አሳይቷል። ታይለር ቫይረሱን ደጋግሞ በማራባት ያዳከመውና 17ዲ የሚባለው ክትባት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ክትባቱ ከ100,000 ሰዎች ከ1 ባነሱት ላይ የአንጎል ብግነት ሊያስከትል ይችላል። አደጋው በጨቅላ ሕፃናት ላይ ስለሚያይል ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም።

በኢትዮጵያ

ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960–1962) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና በዲዴሳ ወንዞች አካባቢ የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነው። 100,000 ያህል ሰዎች ታመው 30,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። በጊዜው በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት ዋና አስተላላፊዋ ኤደስ ሲምፕሶኒ የምትባል ትንኝ እንደሆነች ታወቀ። ይህች ትንኝ የምትራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው። እንሰት የሚተከለው በየቤቱ ዙሪያ ስለሆነ ትንኟ ከሰው አትርቅም። በዘመቻው ክትባት ባልደረሰበት በአርባ ምንጭ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1966 በሽታው እንደገና ተነስቶ 2,200 ያህል ሰዎችን ሲይዝ 450 ያህሉን ገድሏል።

ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ቢጫ ወባ በደቡብ ኦሞ ዞን መከሰቱ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ በሰኔ ወርም ከ500,000 በላይ ሰዎችን ለመከተብ ዘመቻ ተጀመረ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ 35 ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረው 10 ሞቱ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በጉራጌ ዞን እኖርና ኤነር ወረዳ ታየ።

ደንጊ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 2013) በድሬዳዋ ሲሆን ከ11,000 በላይ ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ተደጋግሞ ታይቷል። ቺኩንጉንያ በ2008 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ ታወቀ፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ከ40,000 በላይ ሰዎችን ያዘ። በድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነዋሪው በበርሜልና በጀሪካን ማጠራቀሙ ለኤደስ ትንኝ መራባት አመቺ ሆኗል።

ሀዋሳና አካባቢው

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ትገኛለች። ወባ በከተማዋና በዙሪያዋ የሚታወቅ በሽታ ነው። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌና ኬንያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ሲሆን በደቡብ ኦሞና በወላይታ ወረርሽኞች ጊዜ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከከተማዋ ውጭ ካሉ ዞኖችም በሪፈር የሚላኩ ታማሚዎችን ይቀበላል።

በዚህ አካባቢ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲቃዥ ወይም ራሱን ሲስት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አንጎልን የሚያጠቃ ወባ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ወባ ፈጥኖ የሚገድል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ግን የሚድን በሽታ ነውና። ችግር የሚሆነው የደም ምርመራው ከወባ ነፃ ሲሆን ሌላ መንስኤ ሳይፈለግ ሲቀር ነው። በተጨማሪም ወባ በበዛበት አካባቢ በደም ውስጥ የወባ ተሕዋስ መገኘቱ ብቻውን ሌላ በሽታ አብሮ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ምርመራ

የአንጎል ብግነትን መንስኤ በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም። ከወባ ምርመራ ቀጥሎ ዋናው ከወገብ በታች በመርፌ የአንጎልና ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ መውሰድ ነው። ይህ ምርመራ ሽባ ያደርጋል የሚል ፍርሃት በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ አለ። ይሁን እንጂ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው። ፈሳሹ በባክቴሪያ የሚመጣን ማጅራት ገትር ከቫይረስ ለመለየት ይረዳል።

ቫይረሱን ለይቶ ለማወቅ ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት የቫይረሱ ዘረ መል በፒሲአር ይፈለጋል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ ሰውነት ያመረተው አይጂኤም የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ይመረመራል። ደንጊ፣ ዚካ፣ ዌስት ናይልና ቢጫ ወባ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ስለሆኑ የአንዱ ፀረ እንግዳ አካል በሌላው ምርመራ ላይ አሳሳች ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ በማረጋገጫ ላቦራቶሪ ይደገማል። በኢትዮጵያ ናሙናዎች የሚላኩት ወደ ኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ የቢጫ ወባ ናሙናዎች ለማረጋገጫ በሴኔጋል ወደሚገኘው የዳካር ፓስተር ተቋም ተልከዋል።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል፣ መንስኤው ምንም ይምሰል፣ በፖሊዮ ቅኝት ሥርዓት ወዲያው ለጤና ተቋም መነገር አለበት። በ14 ቀናት ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። ፖሊዮ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ሌሎች ቫይረሶችን መፈለግ ይቻላል።

ሕክምና

ለእነዚህ ቫይረሶች በአንጎል ውስጥ ቫይረሱን የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ታማሚው እስኪያገግም ሕይወቱን መጠበቅ ነው፦ መንቀጥቀጥን ማስቆም፣ ፈሳሽና ጨውን ማመጣጠን፣ የአንጎል ግፊትን መቀነስ፣ ካስፈለገም በመሣሪያ ማስተንፈስ። በባክቴሪያ የሚመጣ ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ሐኪሞች ውጤት ሳይጠብቁ አንቲባዮቲክ ይጀምራሉ። ለጊያን ባሬ ፀረ እንግዳ አካላት በደም ሥር ይሰጣሉ ወይም የደም ፕላዝማ ይለወጣል። ደንጊ ሊሆን የሚችል ትኩሳት ያለበት ሰው አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን መውሰድ የለበትም፤ መድማትን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይመረጣል።

የሚንቀጠቀጥ ሰው በጎኑ ይተኛል፣ በዙሪያው ያሉ ስለታም ነገሮች ይነሳሉ፣ በአፉ ምንም አይገባም። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ጥቅም የለውም፤ ሊያቃጥለው ይችላል። ትኩሳት ያለበት ሰው መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት ወይም ያልተለመደ ጠባይ ሲያሳይ እንደ ልክፍት ተቆጥሮ ወደ ሐኪም መሄድ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ጸበል የሚጠመቅም ሆነ ጸሎት የሚደረግለት ታማሚ ሕክምናውን ጎን ለጎን ሳይዘገይ መጀመር ይችላል። ካገገሙ በኋላ የአካል ብቃት ሕክምናና የሚጥል በሽታ ክትትል ለወራት ሊያስፈልግ ይችላል።

መከላከያ

አጎበር በሌሊት ከሚነክሱት አኖፊለስና ኩሌክስ ያድናል። በቀን ከምትነክሰው ኤደስ ግን የሚጠብቀው ቀን የሚተኙትን ሕፃናትና ሕሙማንን ነው። ስለዚህ ዋናው መከላከያ የመራቢያ ውሃን ማጥፋት ነው።

• በርሜል፣ ሮቶና ጀሪካን መክደን፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃውን ደፍቶ ውስጡን መፈግፈግ። የኤደስ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለወራት በደረቁ ስለሚቆይ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም።
• አሮጌ ጎማ፣ ቆርቆሮና የተሰበረ ዕቃ ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ወይም ማስወገድ።
• በቀን እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስ መልበስና የትንኝ መከላከያ ቅባት መቀባት።
• ትኩሳት የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በአጎበር ውስጥ እንዲያርፍ ማድረግ፤ ቫይረሱ ወደ ሌላ ትንኝ እንዳይሻገር ይረዳል።

በከተሞች የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለ መጤ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተገኘ ወዲህ ይህ ሥራ ሁለት ጥቅም አለው፤ አንድ ክዳን ከወባም ከደንጊም ይከላከላል።

የቢጫ ወባ ክትባት አንድ ጊዜ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ እንደሚጠብቅ የዓለም ጤና ድርጅት ይቀበላል። ለዌስት ናይል ለሰው የተፈቀደ ክትባት የለም።

ደግሞ ይዩ

• ወባ
• ቢጫ ወባ
• ማጅራት ገትር
• ፖሊዮ
• የሚጥል በሽታ
• እንሰት
• ሀዋሳ
• ድሬዳዋ